የማይተኛው ዐይን፦ የቅዱስ ሙሴ ጸሊም ሕይወት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ሌባ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያጠናው ዐይንን ነው። የሚሰርቀው ዕቃ ስንት እንደሚያወጣ ከማሰቡ በፊት ባለቤቱ መቼ እንደሚተኛ፣ ውሻው የት እንደታሰረ፣ ጨረቃ መቼ እንደምትወጣ ይመረምራል። ዐይን ከሌለ እጁ ይዘረጋል፤ ዐይን ካለ ግን እጁን ሰብስቦ፣ እንደ ጨዋ ሰው ሰላምታ እየሰጠ ያልፋል። ይህ ጠባይ የሌባ ብቻ ቢሆን ኖሮ እንዴት መልካም ነበር! ነገር ግን ራሳችንን በእውነት ብንመረምር ገዢው ሲያየው ሚዛኑን የሚያስተካክል ነጋዴ፣ አለቃው ሲገባ ብዕሩ የሚፈጥን ጸሐፊ፣ ፈታኙ ፊቱን ሲያዞር አንገቱ የሚረዝም ተማሪ በየቤታችን አለ። በቅዳሴ ጊዜ እንኳ የሚያውቀን ሰው አጠገባችን ሲቆም ስግደታችን እንደሚጠነክር እኛው እናውቀዋለን። በዘመናችን በየሱቁና በየመሥሪያ ቤቱ ጣሪያ የተሰቀለው ካሜራ ይህን ጠባያችንን በሚገባ የተረዳ ይመስላል። የተሰቀለው የሰውን እጅ ለመያዝ ነው እንጂ ልቡን ለመለወጥ አይደለም፤ እርሱም ቢሆን የማይደርስበትን ጥግ የቤቱ ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

ነገሩ የቆየ ነው። አባታችን አዳም ከበደለ በኋላ በዛፎች መካከል ተሸሸገ። አካን የሰረቀውን ወርቅ በድንኳኑ ውስጥ ቀበረ። ግያዝ ከመምህሩ ዐይን የራቀ መስሎት የንዕማንን ስጦታ በቤቱ ሸሸገ። ዮሴፍ ግን በባዕድ አገር፣ ከቤተሰቡ አንድ ሰው እንኳ በሌለበት ቤት ውስጥ፣ የሚያየው እንዳለ ያውቅ ነበርና ልብሱን ጥሎ ሸሸ። ዛሬ የምንተርክላችሁ አባት የእነዚህን የሁለቱንም ወገን መንገድ በአንድ ዕድሜ የሄደ ነው፤ እኩሌታውን ከዐይን ሁሉ ተሸሽጎ ክፉ በመሥራት፣ እኩሌታውን ደግሞ ከዐይን ሁሉ ተሸሽጎ በጎ በመሥራት ኖረ።

ቅዱስ ሙሴ ጸሊም የኖረው በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በምድረ ግብፅ ነው። ጸሊም በግእዝ ጥቁር ማለት ሲሆን ይህን ቅጽል ያገኘው ከመልኩ ነው። በግብፅ በረሃ ከመነኮሳት ጋር ለዓመታት የኖረውና በኋላም ኤጲስ ቆጶስ የሆነው ጰላድዮስ ዜናውን ቀድመው ከጻፉት አንዱ ሲሆን፣ ሙሴ በትውልዱ ኢትዮጵያዊ መሆኑን መዝግቧል። በዚያ ዘመን የግሪክ ጸሐፊዎች ከግብፅ በስተደቡብ ያለውን ጥቁር ሕዝብ በዚህ ስም ይጠሩ ነበር። ቤተ ክርስቲያናችንም ከአብራኳ እንደወጣ ልጅ ትወደዋለች፤ በስንክሳሯም ሰኔ 24 ቀን ስሙን ታነሣለች።

በወጣትነቱ የአንድ ሹም ባሪያ ነበር። ባሪያ ከጧት እስከ ማታ በጌታው ዐይን ሥር ይውላል። ሙሴ ግን ያ ዐይን ሲዘናጋ እየጠበቀ ይሰርቅ ነበር፤ ነፍስ እስከ ማጥፋት መድረሱም ይወራበት ነበር። ጌታው ሊመልሰው ቢሞክር አልሆነለትምና ከቤቱ አባረረው። ከቤት የተባረረው ባሪያ በበረሃ አለቃ ሆነ። ቁመቱ ረጅም፣ ጉልበቱ ብርቱ፣ ምግቡም መጠጡም ከሰው የተለየ ነበርና ወንበዴዎች በዙሪያው ተሰበሰቡ፤ ስሙም የሚያስፈራ ሆነ።

ከዚያ ዘመን ሥራው አንዱ ተለይቶ ተጽፎልናል። ሙሴ አንድ ሌሊት ክፉ ሊሠራ ሲሄድ የአንድ እረኛ ውሾች ጮኸውበት ያሰበው ሳይሆንለት ቀረ። በዚያ እረኛ ላይ ቂም ያዘ፤ ሊገድለውም ፈለገው። መንጋውን የሚያሰማራው ከዓባይ ወንዝ ማዶ መሆኑን በሰማ ጊዜ ወንዙ ሞልቶ፣ ወርዱ ከአንድ ኪሎ ሜትር አልፎ ነበር። (ያ ሙላት በክረምት ከእኛው ደጋ የሚወርደው ውኃ ነው።) ሙሴ ይህ አላገደውም። ሰይፉን በጥርሱ ነክሶ፣ ልብሱን በራሱ ላይ ጠምጥሞ ያን ሁሉ ውኃ ዋኝቶ ተሻገረ። እረኛው ግን ራሱን በአሸዋ ውስጥ ቀብሮ ተሸሸገና አላገኘውም። ሙሴም ከመንጋው አራት ምርጥ አውራ በጎች አርዶ፣ በገመድ አስሮ፣ እየዋኘ ይዟቸው ተመለሰ። ሥጋውን ገፎ ምርጥ ምርጡን በላ፤ ቆዳውን ሸጦ በዋጋው የወይን ጠጅ ጠጣ፤ ከዚያም ባልንጀሮቹ ወዳሉበት ረጅሙን መንገድ ሄደ።

ይህን ታሪክ አንባቢ ብዙውን ጊዜ የሙሴን ጉልበት ለማድነቅ ያነበዋል። እኛ ግን አንድ ነገር እንጠይቅ፤ ያ እረኛ ምን በደለ? ገንዘቡን አልወሰደበትም፤ አልሰደበውም፤ አልከሰሰውም። በደሉ ውሾቹ ነቅተው መገኘታቸው ነው። ሙሴ የጠላው መታየትን ነበር፤ ያየውንም ዐይን ለማጥፋት የሞላ ወንዝ ተሻገረ። ሰው በክፋቱ ላይ እንዳለ በታየ ጊዜ ሁለት መንገድ ይከፈትለታል፤ አንዱ ማፈር ነው፣ ሁለተኛው ባየው ላይ መቆጣት ነው። ስህተታችንን ያየብንን ሰው ከዚያ ቀን ጀምሮ ፊቱን ማየት የምንጠላው ለምን እንደሆነ እያንዳንዳችን ልባችንን ብንጠይቅ ሰይፍ አንነክስም እንጂ በዚያ ወንዝ ውስጥ መዋኘታችንን እናገኘዋለን።

ሙሴ በዚህ ጊዜ ፀሐይን ከሚያመልኩ ወገን ነበር። ዜናውን የጻፉልን አባቶች እንደሚሉት ግን ልቡ አላረፈም። ወደ ሰማይ እየተመለከተ ፀሐይን ያናግራት ነበር፤ አምላክ ከሆነች እንድትገልጥለት፣ ካልሆነችም እውነተኛው አምላክ ራሱን እንዲያስታውቀው ይለምን ነበር። ይህን ስናነብ አንድ ሐሳብ ይመጣብናል። ፀሐይ ማታ ማታ ትጠልቃለች። የሙሴ ሥራ ደግሞ የሌሊት ሥራ ነበር። አምላኩ ዐይኑን በሚከድንበት ሰዓት እርሱ ሰይፉን ይዞ ይወጣ ነበር ማለት ነው። እንዲህ ያለ አምላክ ለወንበዴ የሚመች ይመስላል፤ ሆኖም ያ ወንበዴ ራሱ በዚህ አምላክ ሳይረካ ቀረ። ሰው ክፋቱን የሚያይበት እንዳይኖር ይመኛል፤ በውስጡ ግን ማንም የማያየው ሆኖ መኖርን አይችለውም። ሙሴን ያስጨነቀው ይህ ይመስለናል።

በገዳመ አስቄጥስ ያሉ መነኮሳት እግዚአብሔርን እንደሚያውቁ በሰማ ጊዜ ሰይፉን እንደታጠቀ ተነሥቶ ሄደ። አስቄጥስ ዛሬ ዋዲ ናጥሩን የሚባለው፣ ከዓባይ በስተምዕራብ ያለው በረሃ ነው። በዚያ መጀመሪያ ያገኘው አባ ኤስድሮስን ነበር። አባ ኤስድሮስ ግዙፉን ሰው ከነሰይፉ ባየው ጊዜ ደነገጠ። ሙሴ ግን የመጣው ሊዘርፍ እንዳልሆነ፣ እውነተኛውን አምላክ እንዲያሳውቁት ፈልጎ እንደሆነ ነገረው። አባ ኤስድሮስም ወደ ታላቁ አባት ወደ አባ መቃርስ ወሰደው፤ አባ መቃርስም ሃይማኖትን አስተምሮ አጠመቀው።

ከዚያ በኋላ የሆነው የገድሉ ልብ ነው። ሙሴ በቤተ ክርስቲያን ተንበርክኮ የሠራውን ሁሉ በዕንባ ተናዘዘ። አባ መቃርስ በዚያ ቆሞ ሳለ በጥቁር ጽሕፈት የተሞላ ሰሌዳና የእግዚአብሔርን መልአክ አየ። ሙሴ አንዱን ኃጢአት በተናገረ ቁጥር መልአኩ ከሰሌዳው ያን ይፍቀው ነበር። ኑዛዜው ባለቀ ጊዜ ሰሌዳው ፈጽሞ ነጭ ሆነ።

እዚህ ላይ ጥቂት እንቆይ። ያ ሰሌዳ በዚያች ሰዓት አልተጻፈም። የተጻፈው ሙሴ በጨለማ ሲሄድ፣ ምስክሮቹን ሲያሳድድ፣ ማንም አላየኝም ብሎ ሲያርፍ ነበር። እረኛው በአሸዋ ውስጥ ተቀብሮ ሳለ፣ ውሾቹም ርቀው ሳሉ፣ አንድ መስመር በሰሌዳው ላይ ይጨመር ነበር። የታየ ሰው ይቀጣል ብለን እናስባለን፤ ለሙሴ ግን መታየቱ ለምሕረት ሆነለት። የአባቶችን ትምህርት ሳንማር ይህን የሰማን እንደሆነ እግዚአብሔር ያየናል የሚለው ቃል እንደ ፖሊስ ዛቻ ሆኖ ይሰማን ይሆናል። ለዚህም ነው አንዳንዶቻችን ልጆቻችንን ስናሳድግ የእግዚአብሔርን ዐይን ከአለንጋው ጋር አንድ ላይ የምንሰቅለው። በልጅነቱ እንዲህ የሰማ ሰው ሲያድግ ከዚያ ዐይን ለመሸሽ እንጂ በዚያ ዐይን ሥር ለመኖር አይለማመድም። በሙሴ ዜና ግን ያ ሁሉ ሌሊት ያየው ዐይን የሚጠብቀው ሊፍቅለት ነበር፤ የፈለገበትም አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሙሴ ራሱ አፉን ከፍቶ እንዲናገር።

መነኰሰ። ነገር ግን ሥጋው ያን የለመደውን ምግብ፣ መጠጥና ዝሙት እያሰበ ታገለው። ከደረቅ እንጀራ ጥቂት ብቻ እየበላ፣ እየሠራ፣ በቀን ሃምሳ ጸሎት እየጸለየ እንኳ ሕልሙ ያቃጥለው ነበር። አንድ ቀን ከጦርነቱ ጽናት የተነሣ በበዓቱ መቀመጥ ቢያቅተው ወደ አባ ኤስድሮስ ሄደ። አባ ኤስድሮስ እንዲመለስ ቢመክረውም ሙሴ ኃይል እንደሌለው ተናገረ። በዚህ ጊዜ ሽማግሌው ወደ ሰገነቱ አወጣው። ወደ ምዕራብ ሲመለከት ለጦርነት የሚታወኩ የአጋንንትን ጭፍራ አሳየው፤ ወደ ምሥራቅ ሲመለከት ቁጥር የሌላቸው የሚያበሩ መላእክትን አሳየው፤ ቅዱሳንን ለመርዳት የሚላኩት ከሚዋጉት እንደሚበዙም ነገረው። ሙሴ በርትቶ ወደ በዓቱ ተመለሰ። ጦርነቱ አልቆመም፤ ለብቻው የሚዋጋ መስሎት የነበረው ሐሳብ ግን ቆመ።

የሙሴ ልብ በእውነት መለወጡ የተፈተነው ግን ሰው በሌለበት ነው። አንድ ቀን አራት ሌቦች ማንነቱን ሳያውቁ ወደ በዓቱ ገቡበት። ይህን ሁኔታ እናስበው። ስፍራው በረሃ ነው፤ የሚያይ የለም። በአንድ ወገን አራት ሌቦች፣ በሌላው ወገን የሌቦች አለቃ የነበረ፣ ከአራቱም የሚበረታ ሰው አለ። ቢገድላቸው ማን ይጠይቀዋል? ማንስ ይሰማል? ሙሴ አራቱንም አስሮ፣ እንደ ገለባ ከረጢት በጀርባው ተሸክሞ፣ መነኮሳት ወደተሰበሰቡበት ቤተ ክርስቲያን አመጣቸው። በሰው ላይ ክፉ ማድረግ ከእንግዲህ እንደማይገባው ተናግሮ፣ ምን ይደረግባቸው ብሎ አባቶችን ጠየቀ። የድሮው ሙሴ ያዩትን ሰዎች ወደ ጨለማ ያሳድድ ነበር፤ ይኸኛው ግን በጨለማ ያገኛቸውን ወደ ብርሃን አመጣ፤ የራሱንም ቁጣ አብሮ በምስክር ፊት አኖረ። ሌቦቹም ያ የታወቀው ወንበዴ ሙሴ እንደሆነ ባወቁ ጊዜ እርሱ እንኳ እንዲህ ከሆነ ብለው ዓለምን ትተው መነኰሱ።

ለስድስት ዓመት በበዓቱ ሌሊቱን ቆሞ ይጸልይ ነበር። ከዚያም ሌላ የሌሊት ሥራ ጀመረ። በአስቄጥስ ውኃ ሩቅ ነው፤ ከአንዳንዱ በዓት እስከ ጕድጓዱ ብዙ ኪሎ ሜትር ይሆናል። ያረጁና የደከሙ መነኮሳት ያን መንገድ መሄድ አይችሉም ነበር። ሙሴ ሌሊት እየተነሣ፣ ማንም ሳያየው በየበዓታቸው ደጅ ያለውን እንስራ እያነሣ ውኃ ሞልቶ ይመልስላቸው ነበር። ሽማግሌዎቹ ሲነጉ እንስራቸውን ሞልቶ ያገኙታል።

ነገሩ እንዴት ያስደንቃል! በሰው ደጅ በሌሊት መቅረብን፣ ኮቴን ማጥፋትን፣ ዕቃ ሳያንኳኩ ማንሣትን ሙሴ የተማረው በሌብነቱ ዘመን ነው። ያው ሰው፣ ያው ጨለማ፣ ያው ጥንቃቄ ነው። የተለወጠው ባዶውን እየሞላ መሄዱ ነው። በቀን ቢያደርገው ኖሮ ይመሰገን ነበር፤ የደከሙት አባቶችም እርሱን በማስቸገራቸው ያፍሩ ነበር። በጎ ሥራችንን ሰው እንዲያየው የምንቸኩል እኛ፣ ለቤተ ክርስቲያን የሰጠነው ምንጣፍ ስማችን ካልተጻፈበት የምንከፋ እኛ፣ በዚህ ስፍራ ብዙ የምንማረው አለን።

ይህን ሥራውን ሰው ባያየውም ጠላት አየው። አንድ ሌሊት ሙሴ ከጕድጓዱ አፍ ጎንበስ ብሎ ውኃ ሲቀዳ ጋኔን ወገቡን በዱላ መታው። እንደ ሞተ ሰው ወደቀ። በማግሥቱ ውኃ ሊቀዳ የመጣ አንድ መነኩሴ ወድቆ አገኘውና ለአባ ኤስድሮስ ነገረው፤ ተሸክመውም ወደ ቤተ ክርስቲያን አመጡት። ነፍሱና ሥጋው እስኪጸኑ ድረስ አንድ ዓመት ሙሉ ታመመ። የእንስራዎቹ ምሥጢር የተገለጠው እንዲህ በመውደቁ ነበር።

ዝናው እየወጣ በሄደ ጊዜ ሙሴ ሰውን መሸሽ ጀመረ። አንድ ሹም ስለ እርሱ ሰምቶ ሊያየው ወደ አስቄጥስ መጣ። ሙሴ ይህን ሲያውቅ ወደ ረግረጉ ሊሸሽ ተነሣ፤ በመንገድም ከሹሙ ጋር ፊት ለፊት ተገናኘ። ሹሙ የአባ ሙሴ በዓት ወዴት እንደሆነ ጠየቀው። እርሱም ያ ሰው ሞኝ እንደሆነ፣ እርሱን ማየት እንደማይጠቅመው ተናግሮ አለፈ። ሹሙ ወደ ቤተ ክርስቲያን ደርሶ ይህን ቢናገር ካህናቱ አዝነው የተናገረውን ሰው መልክ ጠየቁት፤ ያረጀ ልብስ የለበሰ ረጅም ጥቁር ሽማግሌ እንደሆነ ሲነግራቸው ራሱ አባ ሙሴ እንደነበር ነገሩት። ሹሙም ብዙ ተጠቅሞ ተመለሰ። ይህን ያነበበ ሰው ሙሴ ዋሸን? ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። እኛ እንዲህ እናስባለን፤ ሙሴ ስለ ራሱ የመሰከረው በሰሌዳው ላይ ከነበረው ያነበበውን ነው፤ ሌላው ሰው ያወራለት ዝና ግን ለእርሱ የማያውቀው ሰው ዝና ነበር።

መታየትን ስለ ፍቅር የተቀበለበትም ጊዜ አለ። በአስቄጥስ የአንድ ሳምንት ጾም ታወጀ። በዚያው ሳምንት ከግብፅ የመጡ እንግዶች ወንድሞች ወደ ሙሴ በዓት ደረሱ፤ እርሱም ጥቂት ምግብ ቀቀለላቸው። ጎረቤቶቹ ጢሱን አይተው ሙሴ ሥርዓቱን እንደሻረ ለካህናቱ ነገሩ። ካህናቱ አልቸኮሉም፤ ሲመጣ እንነግረዋለን ብለው ጠበቁ። ቅዳሜ ሲሆን፣ የሙሴን ተጋድሎ ያውቁ ስለነበር፣ በሕዝቡ ሁሉ ፊት የሰውን ትእዛዝ ሽሮ የእግዚአብሔርን ትእዛዝ እንደጠበቀ መሰከሩለት። ጢስ አይሸሸግም፤ ሙሴም ይህን ያውቃል። ሰዎች ቢያዩኝ ምን ይሉኛል ብሎ እንግዶቹን አስርቦ ቢያሳድር ስሙ ይጠበቅለት ነበር።

እርሱ ራሱ በሌላው ላይ ዐይን ሊሆን አልፈለገም። አንድ ወንድም በድሎ ጉባኤ ተሰበሰበ፤ ሙሴን ቢጠሩት እምቢ አለ፤ ካህኑ ሁሉም እየጠበቀው እንደሆነ ልኮ በጠራው ጊዜ ግን ተነሣ። የተቀደደ ዕቃ በጀርባው ተሸክሞ መጣ፤ በአንዳንድ ትረካ ዕቃው ውኃ የያዘ እንስራ፣ በሌላው አሸዋ የያዘ ቅርጫት ነው። ከኋላው እየፈሰሰ ሲመጣ አባቶች ምን እንደሆነ ጠየቁት። እርሱም ኃጢአቱ ከኋላው እየፈሰሰ እርሱ ሳያየው፣ የሌላውን ሰው በደል ሊፈርድ መምጣቱን ነገራቸው። ሰምተው ያን ወንድም ይቅር አሉት። በሌሎች ላይ የሚተከለው የእኛ ዐይን ወደ ኋላ አይዞርም፤ ሙሴ ግን ወደ ኋላው የሚያይለት ዐይን እንዳለ ሰሌዳው ከተፋቀበት ቀን ጀምሮ አልዘነጋም።

ክህነት በተቀበለ ጊዜ የደረሰበት ፈተና ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ስለ ዐይን የሚናገር ነው። ነጭ ልብሰ ተክህኖ ሲያለብሱት ሊቀ ጳጳሱ እነሆ ፈጽሞ ነጭ እንደሆነ በነገረው ጊዜ፣ ሙሴ ይህ በውጭ ብቻ ነው ወይስ በውስጥም ብሎ ጠየቀ። ሊቀ ጳጳሱም ሊፈትነው ወደደ። ሙሴ ወደ መቅደስ ሲገባ እንዲያስወጡት፣ ከዚያም ብቻውን ሆኖ የሚናገረውን ተከትለው እንዲሰሙ ካህናቱን አዘዘ። ሙሴ በገባ ጊዜ በመልኩ እየሰደቡ፣ ጥቁር እያሉ፣ አስወጡት። እርሱም ወጣ። ከኋላው የሚከተሉት ጆሮአቸውን አቀኑ።

ሰው በአደባባይ ሲሰደብ ዝም ማለት ይቻለዋል፤ ዝምታውም ያስመሰግነዋል። እውነቱ የሚወጣው በሩ ከተዘጋ በኋላ፣ ብቻውን ሆኖ ከራሱ ጋር ሲነጋገር ነው። ስንቶቻችን በሰው ፊት ፈገግ ብለን መንገድ ላይ ብቻችንን ስንሆን የተሰደብነውን አሥር እጥፍ አድርገን መልሰናል! ሙሴ በዚያች ሰዓት የሚያዳምጠው ያለ አልመሰለውም። ለራሱ የተናገረው ግን መልካም እንዳደረጉበት፣ ለዚያ ስፍራ እንደማይገባ፣ ወደ ሰዎች መካከል ሊገባ እንዳልነበረበት ነው። የተከተሉትም ሰምተው ተመለሱ፤ በስውር ሲታይ የተገኘው በግልጥ ሲታይ የነበረው ሙሴ ነበር። ስለ መልኩ የተሰደበው ስድብ ዛሬ ሲነበብ ልብ ያቆስላል፤ እኛም ስድቡን መልካም ነው አንልም። ሙሴ ግን በዚያ ቀን የተሸከመው በእርሱ ላይ ሌሎች የጻፉትን ሌላ ሰሌዳ ነበር፤ ያን ሰሌዳ ለመፋቅ ሰይፍ አልመዘዘም።

ዕድሜው 75 ዓመት ያህል በሆነ ጊዜ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ405 ዓ.ም. ገደማ፣ በርበር የተባሉ ወራሪዎች ወደ ገዳሙ መጡ። ሙሴ መምጣታቸውን አስቀድሞ ለወንድሞች ነገራቸው፤ መሸሽ የሚፈልግ እንዲሸሽ ፈቀደ። እርሱ ግን ይህን ቀን ለብዙ ዓመታት ሲጠብቅ እንደኖረ፣ ሰይፍ ያነሡ ሁሉ በሰይፍ እንደሚጠፉ ጌታ የተናገረው በእርሱ ላይ ሊፈጸም እንደሚገባ ነገራቸው። ያን እረኛ፣ በወንዙ የዋኘበትን ሰይፍ፣ ማንም ያላወቀለትን ደም ሁሉ አልረሳም ነበር። ሰባት ወንድሞች እንሸሻለን አላሉም፤ ከእርሱ ጋር ቀሩ።

ወራሪዎቹ ገብተው ገደሏቸው። ከወንድሞች አንዱ ግን ፈርቶ ከምንጣፍ ኋላ ተሸሸገ። ያን ጊዜ ማንም አላየውም፤ በሕይወት መትረፍ ይችል ነበር። በተሸሸገበት ሳለ መልአክ አክሊል በእጁ ይዞ ቆሞ ሲጠብቅ አየ። ከተሸሸገበትም ወጣ፤ ገደሉትም፤ አክሊሉንም ተቀበለ።

የቅዱስ ሙሴ ጸሊም ዐፅም ዛሬ በዋዲ ናጥሩን በባራሙስ ገዳም ይገኛል። ሰኔ 24 በቤተ ክርስቲያናችን ስንክሳር ሲነበብ በክረምቱ ደጃፍ ላይ ነው፤ ዝናሙ ይጀምራል፤ የዓባይም ውኃ ሙሴ ወደዋኘበት አገር መውረድ ይጀምራል።

የአባታችን የቅዱስ ሙሴ ጸሊም ጸሎቱና በረከቱ ከሁላችን ጋር ይሁን፤ አሜን።